አንድ ሰው ጎድሎናል፦ ስለ እንግሊዝ የመንደር ክሪኬት ጥያቄና መልስ

የምኖረው ደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሻየር ገጠር ውስጥ ነው። 12 ዓመት ሙሉ በየበጋው ለመንደራችን ሦስተኛ ቡድን ክሪኬት ተጫውቻለሁ። ሦስተኛ ቡድን ማለት ከዚያ በታች ሌላ ቡድን የለም ማለት ነው። ነጭ በነጭ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ አይተው የሠርግ መስሏቸው "እንኳን ደስ አለህ" ያሉኝ ዘመዶች አሉ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጠየቃችሁኝ። በደረሰኝ ቅደም ተከተል ባይሆንም ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት አድርገህ እዚህ ነገር ውስጥ ገባህ? የኛ ሰው ኳስ እንጂ ክሪኬት ያውቃል እንዴ?

አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ቀን ነው። ቡና አፍልተን ቶናው ላይ ደርሰናል። በር ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ ነው፤ ጡረታ የወጣ ጨዋ ሰውዬ። ፊቱ ልክ አይደለም። "አንድ ሰው አጥተናል" አለኝ። እኔ ሰው የሞተ መሰለኝ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ሳወጣ ሳወርድ፣ እሱ የጫማ ቁጥሬን ጠየቀኝ።

ለካ አስር ሆነው አስራ አንደኛ ሰው እየፈለጉ ነው። አንዱ ተጫዋች ሠርግ ሄዶባቸዋል። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት አይሞላም።

የተዋስኩት ሱሪ ቁርጭምጭሚቴ ጋ አልደረሰም። ሜዳው ዳር ወስደው አቆሙኝና "ኳስ ወደ አንተ ከመጣ አስቁመህ ጓንት ላደረገው ሰውዬ ወርውርለት" አሉኝ። አርባ ደቂቃ ምንም አልመጣም። ላሞች እየቆጠርኩ ነበር። ከዚያ መጣ። በእግሬ መሐል ሾልኮ ሄደ። ሁሉም "አይዞህ" አሉኝ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ደወሉልኝ። ሰፈር ውስጥ ኳስ ስንጫወት ያደግኩት ሁሌ መጨረሻ ላይ የምመረጥ ልጅ ሆኜ ነው። እዚህ ግን አስራ አንድ መሙላት ግድ ነው፤ ስለዚህ የማይችልም ሰው ይፈለጋል።

ጥያቄ፦ የገና ጨዋታ ማለት እኮ ነው አሉኝ። እውነት ነው?

ዱላና ኳስ ስላላቸው ብቻ ነው የሚመሳሰሉት። በገና ሁለቱም ወገን አንድ ላይ እየተሯሯጠ ሩሯን ይለጋል። በክሪኬት አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ወርዋሪና ቀላቢ ይሆናል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። መሐል ሜዳ ላይ 22 ያርድ፣ ማለትም ከ20 ሜትር ትንሽ የሚያልፍ፣ ድብን ተደርጎ የታጨደ ሳር አለ። በየጫፉ ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል፤ ቁመታቸው 71 ሴንቲ ሜትር ነው። ወርዋሪው እንጨቶቹን ለመምታት ይወረውራል። መቺው በዱላው ይከላከላል። ኳሷን ካራቃት በወዲያኛው ጫፍ ካለው ጓደኛው ጋር ቦታ እየተቀያየሩ ይሮጣሉ፤ አንድ ቅያሪ አንድ ነጥብ። ኳሷ እየተንከባለለች ድንበሩን ካለፈች 4፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች 6። እንጨቱ ከተመታ፣ የመታሃት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች፣ ወይም ስትሮጥ ከቀደሙህ ወጣህ። ሌሎችም መውጫዎች አሉ፤ ለዛሬ ይበቃችኋል።

አንድ ነገር ግን ያዙልኝ። መቺ ሆነህ አንዴ ከወጣህ ተመልሰህ አትመታም። በእግር ኳስ ጎል ብትስት ከደቂቃ በኋላ ሌላ ዕድል አለህ። እዚህ አንዲት ስህተት ቅዳሜህን ትበላዋለች። የዚህ ጨዋታ ጣጣ ሁሉ የሚመጣው ከዚህች ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ ሙሉ ቀን ይፈጃል የሚሉት ማጋነን አይደለም? ባለቤትህስ ምን ትላለች?

እህቴ፣ አላጋነኑም። እኛ የምንጫወተው ለእያንዳንዱ ቡድን 40 ኦቨር ነው። አንድ ኦቨር 6 ውርወራ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ወገን 240 ኳስ። በሐበሻ ሰዓት ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ተጀምሮ ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል። ሌላ መንደር ከሆነ መንገዱን ጨምሪበት።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ሌላ ሴት ያለች መስሏት ነበር። አንድ ቅዳሜ ልታይ መጣች። ሹራብ ደርባ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ፣ በመጨረሻ "ጨዋታው መቼ ነው የሚጀመረው?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ጥርጣሬው ለቋታል።

ጥያቄ፦ በዜሮ መውጣት ዳክዬ ይባላል ሲሉ ሰማሁ። ደርሶብህ ያውቃል?

ደርሶብኝ? ዳክዬ አርቢ ነኝ እኮ። ዜሮ የዳክዬ እንቁላል ስለሚመስል ነው ስሙ። በመጀመሪያዋ ኳስ ከወጣህ ደግሞ የወርቅ ዳክዬ ይሉታል።

አንዱን ልንገራችሁ። የምመታው አስረኛ ሆኜ ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ተራዬን ጠበቅኩ። ፓዱን፣ ማለትም የእግር መከላከያውን፣ አስሬ ፈታሁ፤ ፈትቼ አሰርኩ። ሦስቴ ሽንት ቤት ሄድኩ፤ በፓድ ሽንት ቤት መሄድ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። ከዚያ ዘጠነኛው ወጣና ተራዬ ደረሰ። መሐል ሜዳ ድረስ ስትሄድ ማንም አያናግርህም። ደርሼ ዱላዬን መሬት ላይ አቁሜ፣ ትልልቆቹ ሲያደርጉ እንዳየሁት ዙሪያዬን ገላመጥኩ። ቀላቢዎቹ የት እንደቆሙ የማጠና ለመምሰል ነው። ወርዋሪው ሮጦ መጣ። ኳሷን አላየኋትም። ከኋላዬ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

መመለሻው መንገድ ከመሄጃው ይረዝማል። ነጥብ የምትመዘግበው የአንድ ተጫዋች ልጅ ናት፤ ያኔ አስራ አንድ ዓመቷ ነበር። በአጠገቧ ሳልፍ እርሳሷን አንስታ፣ በጣም በትሕትና፣ "ስምህ እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለችኝ። ዜሮው በትክክለኛው ስም ላይ እንዲያርፍ ነው።

አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። ለአምስት ደቂቃ ያህል አንድም ሰው አይጠጋህም። ከዚያ አንዱ ይመጣና "ጥሩ ኳስ ነበረች" ይልሃል። ጥሩ ኳስ አልነበረችም። አንተም እሱም ታውቃላችሁ። ግን ይባላል፤ ሲባል ደግሞ ደስ ይላል።

ለመጽናኛ የአውስትራሊያውን ዶናልድ ብራድማንን አስቡት። ከሱ የሚበልጥ መቺ አልታየም የሚባልለት ሰው ነው። በ1948 ለንደን፣ ኦቫል ሜዳ ላይ፣ በአገር ደረጃ የመጨረሻውን ጨዋታ ሊጫወት ገባ። 4 ነጥብ ብቻ ቢያገኝ የዕድሜ ልክ አማካዩ 100 ይሞላ ነበር። በሁለተኛዋ ኳስ በዜሮ ወጣ። አማካዩ 99.94 ላይ ቀረ። እኔና እሱ በአንድ ነገር እንመሳሰላለን ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኳሱ ያማል?

ያማል። ቡሽ ላይ ክር ተጠቅልሎ ቀይ ቆዳ የተሰፋበት ነው፤ ክብደቱ ከ156 እስከ 163 ግራም። ድንጋይ በሉት። የግራ እጄ ቀለበት ጣት አንዴ ስቀልብ ተሰብሮ ቆልመም ብሎ ነው የዳነው። ከዚያ ወዲህ የጋብቻ ቀለበቴ አይወልቅም። ባለቤቴ ይኼን እንደ ጥቅም ነው የምታየው።

ጽዋ የምትመስል ጠንካራ የፕላስቲክ መከላከያም አለች። የት እንደምትደረግ እንድትገምቱ ልተወው። የመጀመሪያ ቀን ከጋራው ቦርሳ አውጥተው ሲሰጡኝ አፍና አፍንጫ ላይ የሚደረግ መስሎኝ ሞከርኩት። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። አሁን የራሴን ገዝቻለሁ።

ልጆች ላላችሁ ደግሞ፦ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ሄልሜት ጠንካራ ኳስ ፊት እንዳይቆም። ክለቡ ግድ ካላለው ክለቡን ቀይሩ።

ጥያቄ፦ ዳኛ ከየት ታመጣላችሁ?

ከራሳችን። ታች ባለው ደረጃ የሚመታው ቡድን ተጫዋቾች ተራ በተራ ነጭ ካፖርት ለብሰው ይዳኛሉ። በጓደኛህ ላይ ትፈርዳለህ ማለት ነው። ኤልቢደብልዩ የሚባል መውጫ አለ፤ ኳሷ የመቺውን እግር ባትመታ ኖሮ እንጨቱን ትመታ ነበር ብሎ ዳኛው ካመነ መቺው ይወጣል። ኳሷ ያልሄደችበትን መንገድ በሐሳብህ ማየት አለብህ። ነቢይ መሆን ነው።

አንድ ቀን አምበላችን እየመታ ነው፣ ዳኛው እኔ ነኝ። እግሩን መታችው። ተቃራኒዎቹ ጮኹ። እኔም እውነት እውነቱን ጣቴን አነሳሁ። አየኝ። ወጣ። ችግሩ፣ ወደ ቤት የሚያደርሰኝም እሱ ነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነዳ፤ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተም። ደጄ ላይ ሲያቆም መሪውን እንደያዘ "ኳሷ ወደ ውጭ እየሄደች ነበር" አለ። ሌላ ቃል የለም።

እኛ አገር በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። እዚህም ጌታው አይቆጣም። ዝም ይላል። እውነቴን ነው፣ ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር። ሰኞ ግን ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ "ቅዳሜ ትችላለህ?"

ጥያቄ፦ መሐል ላይ ሻይ ይጠጣል የሚባለው ቀልድ ነው? ጾም ሲሆንስ?

ቀልድ አይደለም፤ ለአንዳንዱ ተጫዋች ዋናው ነገር እሱ ነው። አንደኛው ቡድን መትቶ ሲጨርስ ሁለቱም ወገን አንድ ጠረጴዛ ይቀርባል። የእንቁላል ሳንዱች፣ የሃም (የአሳማ ሥጋ) ሳንዱች፣ ኩከምበር ያለበት ሳንዱች፣ ኬክ፣ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ። ሙስሊም ተጫዋቾች ስላሉን ሃሙ ለብቻው ሳህን ላይ ነው የሚቀመጠው።

ጾሙ አስቸጋሪ ነው። ወቅቱ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ነው፤ ፍልሰታ መሐሉ ላይ ትወድቃለች። እንግሊዝ ደግሞ ቅቤ ያልነካው ሳንዱች የለውም። በመጀመሪያው ዓመት ቲማቲም ብቻ እየለቀምኩ ስበላ ታምሜ መስሏቸው ነበር። ገባቸውና አሁን ነሐሴ ሲገባ ቅቤ የሌለው አንድ ሳህን ስሜ ተጽፎበት ይቀመጥልኛል።

የሻይ ተራ የኛ ቤት ሲደርስ ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋገረች። ተቃራኒው ቡድን ኬክ ነው ብሎ በጃም በላው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ፍርፋሪ አልቀረም፤ ወርዋሪያቸውም ከዚያ በኋላ መሮጥ አቃተው። ያሸነፍነው በዳቦ ነው እላለሁ።

በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሻዩ ቆመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሊጎች እንደ ግዴታ አልመለሱትም፤ ሰው ሳንዱቹን በላስቲክ ይዞ መኪናው ውስጥ ይበላል። ሥራው ሴቶቹ ላይ ይወድቅ ስለነበር መቅረቱን የሚደግፉ አሉ፤ እሱ እውነት ነው። ወንዶቹ ራሳቸው ያዘጋጁ እንጂ ማዕድ ለምን ይቅር? እኛ ጋ ይኸው ቀጥሏል።

ጥያቄ፦ ዱላው ውድ ነው?

የመጀመሪያ ዓመት አትግዙ፤ ተዋሱ። ጥሩ ዱላ ከእንግሊዝ አኻያ ዛፍ ይሠራል፤ ከመቶ ፓውንድ በላይ በቀላሉ ያስወጣል። አዲሱን ደግሞ እንደገዛችሁት መምታት አይቻልም፤ ይሰነጠቃል። የተልባ ዘይት ይቀባል፣ ከዚያ በእንጨት መዶሻ ለሰዓታት ቀስ እያሉ መቀጥቀጥ ነው። ተልባ! እናቴ ለጨጓራ የምትበጠብጥልኝን እኔ እዚህ ለእንጨት እቀባለሁ። በስልክ ስነግራት "እንጨቱን ምን አመመው?" አለችኝ።

ጥያቄ፦ ኳስ የሰው መስኮት ቢሰብርስ?

ይሰብራል። ከፍለን ይቅርታ እንጠይቃለን። በዚህ ጉዳይ እንግሊዝ ውስጥ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ክስ አለ። ሊንትዝ የሚባል በደርሃም አውራጃ ያለ መንደር ነው። ሜዳው 70 ዓመት ያህል ክሪኬት ሲጫወቱበት ኖሯል። በ1972 አካባቢ አጠገቡ አዳዲስ ቤቶች ተሠሩና ሚለር የሚባሉ ባልና ሚስት አንዱን ገዙ። ኳስ እየዘለለ ግቢያቸው ይገባል። ክለቡ አጥሩን ከፍ አደረገ፣ ለተሰበረው ልክፈል አለ፤ አልሆነም። ከሰሱ፤ የሥር ፍርድ ቤት ጨዋታው እንዲቆም አዘዘ።

በ1977 ይግባኝ ሰሚው ያንን እግድ አነሳ። ክለቡ 400 ፓውንድ ካሣ ይክፈል፣ መጫወቱን ግን ይቀጥል ተባለ። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ዴኒንግ ነበሩ። የፍርዱን ሐተታ የጀመሩት፣ በበጋ ጊዜ የመንደር ክሪኬት የሁሉም ሰው ደስታ ነው ብለው ነው።

የሁሉም? ሚስዝ ሚለር ጓሯቸው መቀመጥ ፈርተው ነበር። እኔ ተጫዋች ነኝ፤ ግን ዱላ ያልያዘ ጎረቤትም ሰው ነው። ፍርዱ ልክ ነው ብዬ ባምንም ያቺን "የሁሉም" የምትለዋን ቃል አልወዳትም።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሆነህ በፈረንጅ ገጠር መጫወት… ግልጽ አድርገህ መልስልኝ።

ግልጽ ላድርግ። በክለቤ ውስጥ ደርሶብኝ አያውቅም። ውጭ ሜዳ ሄደን ግን አንድ ቀን፣ ድንበር ላይ ቆሜ፣ ከኋላዬ ቢራ የያዘ ተመልካች ስለ መልኬ የተናገረውን እዚህ አልደግመውም። ለአምበላችን ነገርኩት። ጨዋታውን አስቆመና ሄዶ አናገራቸው። ይቅርታ አሉ፤ ግማሽ ይቅርታ። በዚያ ቀን ሻይ አልጠጣሁም።

የኔ ብቻ አይደለም። በ2023 የወጣ ትልቅ የገለልተኛ ኮሚሽን ዘገባ በእንግሊዝና ዌልስ ክሪኬት ውስጥ ዘረኝነት፣ የሴቶች መገለልና የመደብ ልዩነት በሰፊው እንዳለ ጽፏል። በሌላ በኩል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ የሚሰለፈው ቡድን ውስጥ አንድ ፓኪስታናዊ ሐኪም፣ ሁለት አፍጋኖች፣ አንድ ገበሬና የስልሳ ሰባት ዓመት ቄስ አሉ። ሁለቱም እውነት ነው።

ጥያቄ፦ ይኼ ጨዋታ ከመንደር ነው የተነሳው ይባላል። ታሪኩን በአጭሩ?

ከቤቴ ሩቅ ያልሆነ ሃምብልደን የሚባል መንደር አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሩ ኃያል ክለቦች አንዱ የዚያ መንደር ነበር። ሜዳው ብሮድሃፍፔኒ ዳውን ኮረብታ ላይ ዛሬም አለ፤ ከመንገዱ ማዶ መጠጥ ቤት አለ። የምወዳት ታሪክ ይቺ ናት፦ በ1771 ቶማስ ኋይት የተባለ ተጫዋች እንጨቶቹን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ዱላ ይዞባቸው መጣ። ተናደዱ። የዱላ ስፋት ከአራት ኢንች ከሩብ፣ ማለትም ከ10.8 ሴንቲ ሜትር፣ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ዛሬም ልኩ ያው ነው። ነገሩ አንድ ሐበሻ የሚያስበው ብልጠት ነው እያልኩ እቀልዳለሁ።

ጥያቄ፦ የመንደር ተጫዋች ሎርድስ ሜዳ ሊረግጥ ይችላል?

ይችላል። ሎርድስ ለንደን ያለው ስመ ጥሩ የክሪኬት ሜዳ ነው። ከ1972 ጀምሮ የመንደሮች ዋንጫ አለ፤ የፍጻሜው ጨዋታ እዚያ ነው የተለመደው። የመጀመሪያውን ያሸነፈው ትሩን የተባለ የኮርንዎል መንደር ነው። እኛ? በቲኬት።

ጥያቄ፦ በጣም ደስ ያለህ ቀን የትኛው ነው?

ዘጠኝ ሰው ወጥቶብናል። ለማሸነፍ 7 ነጥብ ቀርቶናል። የቀረነው እኔና የአስራ አራት ዓመት ልጅ ነን፤ ያቺው ስሜን የጠየቀችኝ መዝጋቢ፣ አድጋ ተጫዋች ሆናለች። መሐል ሜዳ መጥታ "አንተ ብቻ እንዳትወጣ። ሌላውን ለኔ ተወው" አለችኝ። እሺ እመቤቴ።

ኦቨሩ ሊያልቅ አራት ኳስ ነበረው። አራቱንም ዱላዬን እንደ በር ደፍ ዘግቼ አሳለፍኳቸው። አንዷ አውራ ጣቴን መታችው፤ አልተነፈስኩም። ቀጥሎ እሷ ተራዋ ደረሰ። አንዷን ድንበር አሳለፈቻት፤ 3 ቀረን። በሚቀጥለው አንድ ሮጥን። አሁን እኔ ነኝ መቺው። ልመታ ስወዛወዝ ኳሷ ጭኔን መትታ ተንከባለለች። "ሩጥ!" ብላ ጮኸች። በዚህ ጉልበት ሮጥኩ። እኩል ሆንን። የመጨረሻዋን ቀስ አድርጋ ገፋቻትና እንደገና ሮጥን፤ እኔ እንጨቱን አልፌ አጥሩ ጋ ነው የቆምኩት።

በጭን የተገኘ ነጥብ ለመቺው አይቆጠርም። ስለዚህ መዝገቡ ላይ ከስሜ ፊት ለፊት ያለው አሁንም ዜሮ ነው። አጠገቡ ግን ትንሽ ኮከብ አለች፤ አልወጣም ማለት ነው። ገጹን ፎቶ አንስቼዋለሁ። ለእናቴም ልኬላታለሁ፤ "ዜሮ ነው እኮ የሚለው" አለችኝ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 41 ነው፣ ካንተ ብዙ አልርቅም፣ ዱላ ይዤ አላውቅም። ልሞክር ወይስ ይቅርብኝ?

ወንድሜ፣ የቅዳሜውን ዝርዝር አሁን እያየሁት ነው። አንዱ ወገቡን ይዞታል፣ አንዱ ክርስትና አለበት። ዘጠኝ ነን። የጫማ ቁጥርህ ስንት ነው?